ኮከብ ተጫዋችን አሳልፎ መስጠት፦ የውል ዘመን፣ የልውውጥ ዋጋና ለከተማ ክለቦቻችን ያለው ትምህርት

አጠቃሎ

አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ብቃቱ የተመሰከረለትን ተጫዋች ለተፎካካሪው አሳልፎ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአሜሪካው ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር (ኤን ቢ ኤ) በተፈጸሙና በስፋት በሚታወቁ ውሳኔዎች አማካይነት ይመረምራል። ከዚያም ግኝቱን ከኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ፣ በተለይም ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የእግር ኳስ ክለቦች ሁኔታ ጋር ያገናዝባል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ውሳኔውን በዋናነት የሚገዛው የተጫዋቹ ችሎታ ሳይሆን በውሉ ላይ የቀረው ጊዜ ነው። ውል ረዥም በሆነበት ሥርዓት የኮከብ መሄድ ለቡድኑ መልሶ መገንቢያ ይሆናል፤ ውል አጭር በሆነበት ሥርዓት ግን ቡድኑ ኮከቡንም ምትኩንም ያጣል። በሕዝብ ገንዘብ ለሚተዳደሩ ክለቦቻችን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ቁልፍ ቃላት፦ የተጫዋች ልውውጥ፣ የውል ዘመን፣ የደመወዝ ጣሪያ፣ የሥልጠና ካሳ፣ የከተማ ክለቦች

1. መግቢያ

በየክረምቱ የዝውውር መስኮት ሲከፈት በአዳማም ሆነ በሐዋሳ ደጋፊዎች የሚያነሡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «እሱን የመሰለ ተጫዋች እንዴት ይለቀቃል?» ለጥያቄው የሚሰጡት መልሶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንደኛው አመራሩን በአላዋቂነት ይከሳል፤ ሁለተኛው ተጫዋቹን በገንዘብ ወዳድነት ይወቅሳል። ሁለቱም መልሶች ጉዳዩን ከሰዎች ጠባይ ጋር ያያይዙታል። አንድ ዓይነት ክሥተት በተለያዩ አገሮች፣ በተለያዩ ስፖርቶችና በተለያዩ አመራሮች ዘንድ ሲደጋገም ግን ምክንያቱን ከጠባይ ይልቅ በአሠራር ውስጥ መፈለግ ይገባል።

ለዚህ ፍለጋ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ጥሩ መስክ ነው። በእግር ኳስ ዓለም ተጫዋች የሚዛወረው በአብዛኛው በገንዘብ ሲሆን፣ በኤን ቢ ኤ ግን ተጫዋች በዋናነት የሚለወጠው በተጫዋች ወይም ወደፊት አዳዲስ ተጫዋቾችን የመምረጥ መብት (የድራፍት መብት) ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን ኮከቡን ሲሰጥ በምትኩ ምን እንደተቀበለ በግልጽ ይታያል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላም የሰጠውንና የተቀበለውን ማመዛዘን ይቻላል።

ጽሑፉ የተመረጡ ሁኔታዎችን በማነጻጸር የተዘጋጀ ነው። የተመረጡትም ውጤታቸው በሚገባ የታወቀና እርስ በርስ የሚለዩ ምክንያቶችን የሚያሳዩ ናቸው።

2. ማዕቀፍ፦ የሜዳ ዋጋና የልውውጥ ዋጋ

አንድ ተጫዋች ለቡድኑ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው። የመጀመሪያው የሜዳ ዋጋው ነው፤ ይኸውም ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ቡድኑን ምን ያህል አሸናፊ እንደሚያደርግ የሚያመለክት ነው። ሁለተኛው የልውውጥ ዋጋው ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላ ቡድን እሱን ለማግኘት ምን ለመስጠት ፈቃደኛ እንደሆነ ያሳያል። ሁለቱ ዋጋዎች እኩል መሆን የለባቸውም። ለዋንጫ በተቃረበ ቡድን ዘንድ የአንድ ኮከብ የሜዳ ዋጋ ከፍተኛ ነው፤ ገና በመገንባት ላይ ባለ ቡድን ዘንድ ግን ያው ተጫዋች፣ ያው ችሎታ እያለው፣ የሚፈይደው ያነሰ ነው። ልውውጥ የሚፈጸመው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው።

የልውውጥ ዋጋ ግን ከሜዳ ዋጋ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ጊዜ ያልፍበታል። በሞጆ ደረቅ ወደብ የተራገፈን ኮንቴይነር ለምሳሌ እንውሰድ። በውስጡ ያለው ዕቃ ከቀን ወደ ቀን አይለወጥም። ከነፃ የቆይታ ጊዜው በኋላ ግን እያንዳንዱ ቀን የማከማቻ ክፍያ ስለሚያስከትል የባለንብረቱ ትርፍ እየቀነሰ ይሄዳል። የተጫዋች ውልም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ እየተሻሻለ እንኳ ቢሄድ በውሉ ላይ የቀረው ጊዜ ባጠረ ቁጥር ቡድኑ በእሱ ምትክ ሊያገኝ የሚችለው ይቀንሳል። ውሉ ባለቀበት ቀን የሜዳ ዋጋው ከፍተኛ ሆኖ ሳለ፣ ለቀድሞ ቡድኑ ያለው የልውውጥ ዋጋ ዜሮ ይሆናል።

ከዚህ በተጨማሪ በኤን ቢ ኤ የቡድኖችን እጅ የሚይዙ ደንቦች አሉ። የቡድን ጠቅላላ ደመወዝ ጣሪያ አለው። ረዥም ዘመን ያገለገለ ኮከብ የሚያገኘው ከፍተኛ ደመወዝ ከዚህ ጣሪያ እስከ 35 በመቶ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በሥራ ላይ የዋለው የጋራ ስምምነት ደግሞ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚያወጡ ቡድኖችን ከገንዘብ ቅጣት ባለፈ በልውውጥና በቅጥር መብቶቻቸው ላይ ገደብ ይጥልባቸዋል። ስለዚህ ለአንድ ኮከብ «አዎ» ማለት ለሌሎች ሁለትና ሦስት ጥሩ ተጫዋቾች «አይሆንም» ማለት ሊሆን ይችላል።

3. ትንተና

3.1 አንድ ከተማ፣ ሁለት ስንብቶች፦ ኦክላሆማ ሲቲ

የውል ዘመንን ሚና ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው የኦክላሆማ ሲቲ ታንደር ታሪክ ነው። ከተማዋ እንደ ሎስ አንጀለስ ወይም ኒው ዮርክ ኮከቦችን በስሟ ብቻ የምትስብ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምት፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የነበረው ኬቨን ዱራንት ውሉ አለቀና ወደ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ሄደ። ኦክላሆማ በምትኩ ያገኘችው ምንም አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019፣ ከዚያው ቡድን ሌላ ኮከብ ለመሄድ ጠየቀ። ፖል ጆርጅ በሕይወቱ ምርጥ የሚባለውን የውድድር ዘመን ገና ማጠናቀቁ ነበር። የተፈራረመው የብዙ ዓመት ውል ግን አንድ ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው። ስለዚህ ቡድኑ ጥያቄውን ተቀብሎ ዋጋ መደራደር ቻለ። ከሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ወጣቱን ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርን፣ ዳኒሎ ጋሊናሪን፣ አምስት የአንደኛ ዙር የምርጫ መብቶችንና ሁለት የምርጫ ተራ የመለዋወጥ መብቶችን ተቀበለ። ከነዚያ መብቶች በአንዱ እ.ኤ.አ. በ2022 ጄለን ዊሊያምስ ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ኦክላሆማ ሲቲ ኢንዲያናን በሰባት ጨዋታ አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን ጊልጀስ አሌክሳንደር የሊጉም የፍጻሜውም ምርጥ ተጫዋች ነበር።

ሁለቱ ስንብቶች በአንድ ከተማና በአንድ አመራር ሥር የተፈጸሙ ናቸው። የሁለቱም ተጫዋቾች ፍላጎት መሄድ ነበር። የለያቸው ዋና ነገር በውሉ ላይ የቀረው ጊዜ ነው። አመራሩ ብልህ ስለነበር ብቻ ውጤቱ አማረ ማለት አይቻልም፤ ያው አመራር በ2016 የሚደራደርበት ነገር በእጁ አልነበረም።

3.2 የዑደት ፍጻሜ፦ ቦስተን

ሁለተኛው ምክንያት የቡድን ዕድሜ ነው። ቦስተን ሴልቲክስ እ.ኤ.አ. በ2008 ዋንጫ ያስገኙለትን ፖል ፒርስንና ኬቨን ጋርኔትን በ2013 ለብሩክሊን ኔትስ ሰጠ። ፒርስ በቦስተን 15 የውድድር ዘመናት የተጫወተ፣ በከተማው እንደ ቤተሰብ የሚታይ ሰው ነበር። ነገር ግን ፒርስ 35፣ ጋርኔት 37 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ብሩክሊን አፋጣኝ ዋንጫ ስለፈለገ ሦስት የአንደኛ ዙር የምርጫ መብቶችንና አንድ የመለዋወጥ መብት ሰጠ። በእነዚህ መብቶች መነሻነት ቦስተን ጄለን ብራውንንና ጄሰን ቴተምን አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2024ም ሻምፒዮን ሆነ። ብሩክሊን የገዛው ያለፈን ዝና ነበር፤ ቦስተን የሸጠው ደግሞ ገበያው ገና ዋጋ እያለው ነበር። የስሜት ትስስር ውሳኔውን ሁለት ዓመት ቢያዘገየው ኖሮ የሚሸጥ ነገር ባልቀረ ነበር።

3.3 ጣሪያው የታወቀ ቡድን፦ ቶሮንቶ

ሦስተኛው ምክንያት ጥሩ መሆን በቂ አለመሆኑ ነው። ዴማር ዴሮዛን ለቶሮንቶ ራፕተርስ ዘጠኝ የውድድር ዘመናት ተጫውቷል፤ ለክለቡም ታማኝነቱን በተደጋጋሚ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ቡድኑ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በተከታታይ ሦስት ዓመት በክሊቭላንድ ካቫሊየርስ ተሸንፎ ወጣ። በ2018 ክረምት አመራሩ ዴሮዛንን ለሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ሰጥቶ ካዋይ ሌናርድን አመጣ። የሌናርድ ውል ሊያልቅ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ አደጋው ግልጽ ነው። ቶሮንቶ በ2019 በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ፤ ሌናርድም በዚያው ክረምት ወደ ክሊፐርስ ሄደ። የጆርጅን ልውውጥ ያስከተለውም ይኸው የሌናርድ ጉዞ ነው።

እዚህ ላይ የውል ጊዜ በተቃራኒው ሲሠራ እናያለን። የሌናርድ ውል አጭር ስለነበር ዋጋው ከችሎታው በታች ወርዶ ነበር፤ ቶሮንቶ ያንን ቅናሽ ገዛ። ውሳኔው በስፖርት ሚዛን ትክክል ቢሆንም ዴሮዛንን አሳዝኗል። አንድ ውሳኔ ትክክልም ጎጂም ሊሆን እንደሚችል መቀበል የዚህ ጥናት አንዱ ክፍል ነው።

3.4 ስሌቱ ሲሳሳት፦ ዳላስ

አራተኛው ሁኔታ ከላይ የተጠቀሰውን አመክንዮ ወሰን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 መጀመሪያ ዳላስ ማቬሪክስ የ25 ዓመቱን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጠ። በምትኩ በዋናነት የ31 ዓመቱን አንቶኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና የ2029ን አንድ የአንደኛ ዙር የምርጫ መብት ተቀበለ። ዶንቺች ከጥቂት ወራት በፊት ቡድኑን ለሊጉ ፍጻሜ አድርሶ ነበር። ወደ 345 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአምስት ዓመት ውል ለመጠየቅ የሚያስችለውም ጊዜ ተቃርቦ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ኒኮ ሃሪሰን ውሳኔውን ያስረዱት ዋንጫ የሚገኘው በመከላከል ነው በሚል እምነት ነው።

በወረቀት ላይ ምክንያቶቹ ከቀደሙት ጋር ይመሳሰላሉ፤ ከባድ ውል እየመጣ ነው፤ ዋጋው ከፍተኛ በሆነበት ጊዜ መሸጥ ይሻላል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ተዘንግተዋል። አንደኛ፣ የተሰጠው ወጣት፣ የተገኘው ደግሞ ከእሱ በስድስት ዓመት ገደማ የሚበልጥ ስለነበር ጊዜ የሚሠራው ለተቀባዩ ወገን ነበር። ሁለተኛ፣ ድርድሩ በምስጢር ከአንድ ቡድን ጋር ብቻ ስለተካሄደ ሌሎች ቡድኖች ዋጋ አላቀረቡም፤ ገበያ ባልቀረበ ዕቃ ላይ የልውውጥ ዋጋውን ማወቅ አይቻልም። ሦስተኛ፣ የደጋፊው ትስስር እንደ ዋጋ አልታሰበም። ዴቪስ በመጀመሪያ ጨዋታው ተጎዳ፤ ቡድኑ ከጥሎ ማለፉ ውጪ ቀረ፤ ደጋፊዎች በገዛ አዳራሻቸው የሥራ አስኪያጁን መባረር በዜማ ጠየቁ። ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ስለዚህ ረዥም ውል የመደራደር ዕድል ይሰጣል እንጂ ጥሩ ውሳኔን አያረጋግጥም።

4. ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ማገናዘብ

ይህን ማዕቀፍ ወደ አገራችን ስናመጣ ሊጋችን የእግር ኳስ መሆኑን፣ ተጫዋች በተጫዋች የመለወጥ ልማድም አለመኖሩን አስቀድሞ መቀበል ያሻል። ዋናው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ኮከብ ሲሄድ ክለቡ ምን ይቀረዋል?

አሁን ባለው መልኩ በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው የፕሪሚየር ሊግ ውድድር ከተሳተፉት ክለቦች ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። አዳማ ከተማ፣ ሐዋሳ ከተማና ድሬዳዋ ከተማ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። በጀቱ የሚጸድቀው ዓመት በዓመት ስለሆነ የተጫዋቾች ውልም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። በአገር ውስጥ ዝውውር ለረዥም ጊዜ የተለመደው ትልቅ ክፍያ ደግሞ ለቀድሞው ክለብ የሚከፈል የዝውውር ዋጋ ሳይሆን ለተጫዋቹ የሚሰጥ የፊርማ ገንዘብ ነበር። በሌላ አነጋገር በየክረምቱ የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ ተጫዋቹን ላሳደገው ክለብ አይመለስም። እያንዳንዱ የከተማ ክለብ የኦክላሆማን 2016 በየዓመቱ ይደግማል ማለት ነው።

ከ2012 የውድድር ዘመን ጀምሮ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ የተወሰነው የክለቦችን ወጪ ለመግታት ታስቦ ነው። ዓላማው ተገቢ ቢሆንም ከኤን ቢ ኤው ጣሪያ በባሕርይው ይለያል። በዚያ ጣሪያው የተጣለው በዋናነት በቡድኑ ጠቅላላ ወጪ ላይ በመሆኑ አመራሩ ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ እንዲመርጥ ያስገድደዋል። በግለሰብ ደመወዝ ላይ ብቻ የሚጣል ጣሪያ ግን ኮከቡንና መካከለኛውን ተጫዋች ያቀራርባል። ኮከቡን በደመወዝ ማቆየት የማይችል ክለብ በውል ርዝመት ካላቆየው ሌላ መሣሪያ የለውም።

ወደ ውጭ የሄዱ ተጫዋቾች መንገድም ይህንኑ ያመለክታል። ሽመልስ በቀለ ከሐዋሳ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ወደ ሊቢያው አል ኢቲሃድ፣ በኋላም ወደ ግብፁ ፔትሮጄት ተጉዟል። ጌታነህ ከበደ በ2005 የውድድር ዘመን ደደቢት ሻምፒዮን ሲሆን በኮከብ ግብ አግቢነት አጠናቅቆ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ አመራ። አቡበከር ናስር በ2013 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦችን አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ቆይቶም ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። የ2013ን ዋንጫ የወሰደው ግን ፋሲል ከነማ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ የቶሮንቶን ትምህርት ያስታውሰናል፦ የአንድ ሰው ክብረ ወሰንና የቡድን ዋንጫ አንድ አይደሉም። ኮከብ መሄዱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ በእሱ መሄድ የተገኘው ነገር ቡድን የማይገነባ ሲሆን ነው።

5. ከሞጆ ሲታይ

የጉዳዩ ክብደት ይበልጥ የሚታየው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ሞጆ የጅቡቲው መንገድና ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ናት፤ ዕቃም ሰውም ያልፍባታል። እንደ ሞጆ ባሉ ከተሞች ሜዳ ላይ የሚያድግ ታዳጊ ጎበዝ ከሆነ ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ፣ ከተሳካለትም ወደ ውጭ ይሻገራል። በእያንዳንዱ መሸጋገሪያ ዋጋው ያድጋል። የመጀመሪያውን ጫማ የገዛለት፣ ያሠለጠነውና ያበላው ሠፈር ግን ከዚህ ዕድገት ድርሻ አያገኝም።

ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) ለዚህ መፍትሔ ያላቸው ሁለት ደንቦች አሉት። የሥልጠና ካሳ፣ ተጫዋቹ የመጀመሪያውን የባለሙያነት ውል ሲፈርምና እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፈላል። የአጋርነት ክፍያ ደግሞ ተጫዋቹ ውሉ ሳያልቅ በዋጋ ሲዛወር ከዝውውር ዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ያደርጋል። ሁለተኛው ደንብ በራሱ የዚህን ጽሑፍ መከራከሪያ ይደግፋል፤ ውሉ አልቆ በነፃ ከሄደ ተጫዋች 5 በመቶ የሚቆረጥለት ዋጋ የለም። ከዚህም በላይ ክፍያው የሚፈጸመው በተመዘገበ የተጫዋች ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ የጀመረው የፊፋ የክፍያ ማዕከልም የሚያየው መዝገቡን ነው። ያልተመዘገበ ታዳጊ በመዝገቡ ፊት ያልሠለጠነ ታዳጊ ነው።

ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ የከተማ ክለቦች ለወጣት ተጫዋቾቻቸው የሦስትና የአራት ዓመት ውል ማቅረብ ይገባቸዋል፤ ለዚህም የከተማ ምክር ቤቶች ከአንድ በጀት ዓመት የሚያልፍ ግዴታ የሚፈቅድ አሠራር ያስፈልጋቸዋል። ሁለተኛ፣ በፊፋ ደንብ ተጫዋች ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር በነፃነት መደራደር ስለሚችል፣ ውል የማደስ ወይም የመሸጥ ውሳኔ ከዚያ ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ሦስተኛ፣ በየከተማው ያሉ የታዳጊ ቡድኖች ተጫዋቾቻቸውን ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በፌዴሬሽኑ በኩል ማስመዝገብ አለባቸው፤ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ዘላቂ ነው።

አንድ ጥንቃቄ መጨመር ይገባል። ረዥም ውል ክለቡን ሲጠቅም የተጫዋቹን ነፃነት ይቀንሳል። በኤን ቢ ኤ ተጫዋች ሳይጠየቅ ወደ ሌላ ከተማ ሊላክ ይችላል። በአውሮፓ እግር ኳስ ደግሞ የቦስማን ፍርድ እ.ኤ.አ. በ1995 ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክፍያ እንዲሄድ የፈቀደው በሠራተኞች የመዘዋወር ነፃነት መነሻነት ነው። ደመወዙ በወቅቱ በማይከፈልበት ክለብ ዘንድ ረዥም ውል መፈረም ለተጫዋቹ እስር ነው። ስለዚህ የውል ርዝመት ከክፍያ ታማኝነት ጋር ካልተያያዘ ፍትሐዊ አይሆንም።

6. መደምደሚያ

ቡድን ኮከቡን አሳልፎ የሚሰጠው ዋጋ ስላጣበት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ እያለው ስለሆነ ነው። ቦስተን በዕድሜ፣ ቶሮንቶ በጣሪያ፣ ኦክላሆማ በተጫዋቹ ፍላጎት ምክንያት ኮከቦቻቸውን ሰጡ፤ ሦስቱም በምትኩ ቡድን ገነቡ። ዳላስም ሰጠ፤ ነገር ግን ጊዜንም ገበያንም ደጋፊንም ሳይመዝን ስለሆነ ኪሳራው ጎልቶ ታየ። አራቱም ግን የሚመዝኑት ነገር በእጃቸው ነበር። የከተማ ክለቦቻችን ችግር ከዚህ ይቀድማል፤ ኮከባቸው ሲሄድ ለድርድር የሚቀርብ ውል በእጃቸው የለም። በአዳማ ደጋፊው «ለምን ለቀቁት?» ብሎ ሲጠይቅ ትክክለኛው ጥያቄ «ውሉ መቼ ያልቅ ነበር?» የሚለው ነው። ያንን ጥያቄ በክረምት ሳይሆን ከዓመት በፊት የሚጠይቅ አመራር ሲኖር፣ የሞጆ ታዳጊ ጉዞ ለራሱም ለመነሻ ሜዳውም ይተርፋል።